ሽታ አልባውን መርዝ የሚለዩ የናኖ ቁሶችና የአዲስ አበባ የከሰል ማንደጃ

በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዙሪያና ወደ ፒያሳ በሚያወጡት ጎዳናዎች ጀርባ በቀሩት ነባር መንደሮች፣ አመሻሽ ላይ የከሰል ማንደጃ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲራገብ ማየት የተለመደ ነው። ከሰሉ እስኪያያዝ ጭሱ ውጭ እንዲቀር ይደረጋል፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል። ወጡ ይሠራበታል፣ ቡናው ይፈላበታል፣ በክረምትና በኅዳር ብርድ ደግሞ ቤቱ ይሞቅበታል። ይህ ልማድ ከጭስ የሚያድን ቢሆንም ከመርዝ ግን አያድንም። ከፍሙ የሚወጣው ዋነኛ ገዳይ ጋዝ ጭስ የለውም፤ ቀለምም ሽታም የለውም።

ጋዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ካርቦን ያለው ማንኛውም ነዳጅ በቂ ኦክስጅን አግኝቶ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ኦክስጅኑ ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ከሰል ደግሞ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። በማንደጃው ሥር ካለው ፍም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላዩ በተደረደረው የጋለ ከሰል መካከል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ከፍሙ በላይ አልፎ አልፎ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል የሚፈጠር ነው። ነበልባሉ ጠፋ ማለት ጋዙ መውጣቱን አቆመ ማለት አይደለም፤ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል ማለት ነው እንጂ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በከተሞች የተሰራጨው ላቀች የተሰኘው የተሻሻለ ምድጃም የከሰል ፍጆታን በመቀነስ ረገድ ባለውለታ ቢሆንም፣ ይህን የእሳት ጠባይ አልለወጠውም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሳንባ ሲገባ በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በመሆኑም በአየር ውስጥ ያለው የጋዙ መጠን ትንሽ ቢሆንም ቀስ በቀስ በደም ውስጥ ይከማቻል። በመጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ ድካምና የመንፈስ መደንዘዝ ይመጣል። አስከፊው ነገር ተጎጂው አደጋ ላይ መሆኑን በሚገነዘብበት ሰዓት እግሮቹ ከአልጋው ሊያነሱት የማይችሉ መሆናቸው ነው። ተኝቶ የነበረ ሰው ደግሞ ጨርሶ ላይነቃ ይችላል።

መጠኑ የሚለካው በአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል የሚገኙትን የጋዙን ቅንጣቶች በመቁጠር ነው። ከሚሊዮን 400 ሲደርስ ራስ ምታቱ በአንድና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይሰማል። 1,600 ሲደርስ በ20 ደቂቃ ራስ ያዞራል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካይ መጠኑ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ4 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም ከሚሊዮን ከ4 ያነሰ ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች በብዛት የተወሰዱት በዝቅተኛ ቦታዎች ከሚኖሩ ሰዎች መሆኑ ለአዲስ አበባ ልብ ሊባል ይገባል። አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ነዋሪዋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ከዚያ ላይ የሚቀነሰው ሁሉ የሚጎዳውም በዚያው ልክ ነው።

የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ኅብረተሰቡ በታፈነ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ እንዳይተኛ በተለይ በብርድ ወራትና በበዓላት ሰሞን በተደጋጋሚ ያሳስባል። ማሳሰቢያው ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሊያየውና ሊያሸተው የማይችለውን ነገር እንዲጠነቀቅ የሚጠይቅ በመሆኑ ብቻውን በቂ አይሆንም። ጋዙን በሰው ፋንታ የሚያሸት መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሽታ ያለው መርዝም ቢሆን አፍንጫን ያታልላል። በመጸዳጃ ቤትና በፍሳሽ ጉድጓዶች ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ከሚሊዮን 100 አካባቢ ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ጉድጓድ ሊጠርግ የገባ ሠራተኛ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ጓደኛውም አብሮ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አንዳንዶች ከመግባታቸው በፊት የበራ ሻማ ወይም ኩራዝ በገመድ ወደ ታች ያወርዳሉ። ሻማው መጥፋቱ ኦክስጅን ማነሱን ያመለክታል፤ አለመጥፋቱ ግን መርዝ አለመኖሩን አያረጋግጥም። እንዲያውም ጉድጓዱ ሚቴን ካለው እሳቱ ራሱ ፍንዳታ ሊያስነሳ ይችላል።

የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች በስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ስኮት ሆልዴን ምክር ለብዙ አሥርት ዓመታት ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ በቀፎ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ ሠራተኞቹ ለመውጣት ጊዜ ያገኙ ነበር። ይህ አሠራር በይፋ የቀረውና ወፎቹ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተተኩት እ.ኤ.አ በ1986 ነው።

የመሣሪያዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ በፊት በጃፓን ነው። እ.ኤ.አ በ1962 የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲው ቴትሱሮ ሴያማና ባልደረቦቹ ዚንክ ኦክሳይድ የተባለ ቁስ በሙቀት ላይ ሆኖ ጋዝ ሲያገኘው የኤሌክትሪክ ጠባዩ እንደሚለወጥ አሳዩ። በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ ቲን ኦክሳይድን መሠረት ላደረገ ጋዝ ጠቋሚ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በኋላም ፊጋሮ የተሰኘውን ኩባንያ አቋቋመ። ጃፓናውያን ለጉዳዩ ትኩረት የሰጡት በየቤቱ የማብሰያ ጋዝ ፍንዳታ በመብዛቱ ነበር። ዚንክ ኦክሳይድ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚንክ የተለበጠ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዝናብና አየር ሲፈራረቁበት በላዩ ላይ በሚፈጠረው ነጭ ሽፋን ውስጥ ይገኛል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ቲን ኦክሳይድ ኤሌክትሪክን በመጠኑ የሚያስተላልፍ ቁስ ነው። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በገጹ ላይ ይለጠፍና ከቁሱ ኤሌክትሮኖችን ይነጥቃል። ኤሌክትሮኖቹ የተነጠቁበት ቁስ ኤሌክትሪክን ማስተላለፍ ይከብደዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ሲገባ ያን የተለጠፈ ኦክስጅን ወስዶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ኤሌክትሮኖቹም ወደ ቁሱ ይመለሳሉ። ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ማለፍ ይጀምራል። ከቁሱ ጋር የተያያዘው ዑደት ይህን ለውጥ አንብቦ ደወል ያሰማል። መሣሪያው በእውነቱ የሚያሸተው ነገር የለም፤ በገጹ ላይ የደረሰውን የኤሌክትሮን መቀነስና መጨመር ይቆጥራል እንጂ።

ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በቁሱ ገጽ ላይ ነው፤ ከገጹ በታች ያለው የቁሱ ክፍል ለመለካት የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው። የናኖ ቴክኖሎጂ ፋይዳ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን፣ የሰው ጠጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ይሆናል። ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው። ይኸው ኩብ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደሆነ ቅንጣቶች ቢከፋፈል የቅንጣቶቹ ገጽ በድምሩ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ የሚበልጥ ነው። የቁሱ ክብደት ግን ያው ነው። ቡና በፍሬው ቢቀቀልና በሙቀጫ ተወቅጦ ቢፈላ ለውኃው የሚሰጠው ጣዕም እንደማይመሳሰል ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

ከገጹ መስፋት ሌላም ምክንያት አለ። በተለጠፈው ኦክስጅን ኤሌክትሮኑ የሚነጠቀው የቁሱ ንጣፍ ውፍረት 3 ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቅንጣቱ ትልቅ ሲሆን ይህ ንጣፍ እንደ ልጣጭ ይሆናል፤ ውስጡ አይነካም። የቅንጣቱ ስፋት ወደ 6 ናኖ ሜትር ሲወርድ ግን ከሁለቱም ወገን የመጡት ንጣፎች ስለሚገናኙ ቅንጣቱ በሙሉ ልጣጭ ይሆናል። እ.ኤ.አ በ1991 የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲው ኖቦሩ ያማዞዬና ባልደረቦቹ የቲን ኦክሳይድ ቅንጣት ከዚህ መጠን በታች ሲሆን ጋዝን የመለየት አቅሙ በአንዴ እንደሚያሻቅብ በሙከራ አሳይተዋል። በላዩ ላይ እንደ ፓላዲየምና ፕላቲኒየም ያሉ ማዕድናት በጥቂቱ ሲነሰነሱበት ደግሞ አቅሙ ይጨምራል። ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚመረጠው ተጨማሪ ኮፐር ኦክሳይድ ነው፤ ጋዙ ሲነካው ወደ ኮፐር ሰልፋይድ ስለሚለወጥ የኤሌክትሪክ ጠባዩ ከሌሎች ጋዞች በተለየ ሁኔታ ይቀያየራል።

እነዚህ ኦክሳይዶች አንድ ከባድ ጉድለት አለባቸው፤ እንዲሠሩ መሞቅ ይኖርባቸዋል። ለማሞቅ የሚፈጀው ኃይል በባትሪ ለረጅም ጊዜ መሥራትን ያከብደዋል፤ መብራት በሚቋረጥበት ምሽት ደግሞ ከግድግዳ ሶኬት ላይ የተሰካ መሣሪያ ይሞታል። መብራት የጠፋበት ምሽት ከሰል በብዛት የሚነድበት ምሽት መሆኑ ለማንም አይሰወርም።

እ.ኤ.አ በ2000 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሆንግጄ ዳይ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ያቀረበው ውጤት ትኩረት የሳበው ከዚህ አንጻር ነው። ቡድኑ ካርቦን ናኖ ቲዩብ የተባሉ፣ ግድግዳቸው የአንድ አተም ውፍረት ያለው ጥቃቅን የካርቦን ቱቦዎች ያለ ሙቀት፣ በተለመደው የክፍል አየር ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና አሞኒያን እንደሚለዩ አሳየ። ቱቦዎቹ በሙሉ ገጽ ስለሆኑ የተለጠፈባቸው ጋዝ ሁሉ ኤሌክትሪካቸውን ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ በ2007 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግራፊን በተሰኘው የአንድ አተም ውፍረት ባለው የካርቦን ንጣፍ የአንድ ነጠላ የጋዝ ሞለኪውል መለጠፍና መላቀቅን መዝግበዋል። እ.ኤ.አ በ2012 ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የቲሞቲ ስዌገር ቡድን የካርቦን ናኖ ቲዩብ ዱቄትን ጨምቆ እንደ እርሳስ ቀለም በማዘጋጀት፣ በወረቀት ላይ በመሳል ብቻ አሞኒያን የሚለይ ሴንሰር ሠርቷል። በወረቀት ላይ የሚሳል መሣሪያ ዋጋው ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሆኖም በላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት ወደ ሰው ቤት ሲመጣ የሚገጥመው ፈተና ሌላ ነው። ያልተለበጠ የካርቦን ናኖ ቲዩብ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ንቁ ቢሆንም ለካርቦን ሞኖክሳይድ እምብዛም ስሜት የለውም፤ ሌላ ቁስ ካልተጨመረበት በቀር ለከሰል አደጋ አይበጅም። በስታንፎርዱ ሙከራም ቱቦዎቹ ጋዙን በሰከንዶች ቢለዩም ያለ ሙቀት ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ ሰዓታት ፈጅቶባቸዋል። የአየር እርጥበትም ሌላው ችግር ነው። የውኃ ሞለኪውል እንደ ማንኛውም ጋዝ በገጹ ላይ ስለሚለጠፍ በሐምሌና በነሐሴ አየር የተለካ ቁጥር በጥር ከተለካው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው አንዱን ጋዝ ከሌላው መለየት ነው። በሙቀት የሚሠሩት ኦክሳይዶች ለካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሳይሆን ለአልኮል ተን፣ ለማብሰያ ጋዝና ለሌሎችም ምላሽ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ቤት ደግሞ በሽታ የበለጸገ ቤት ነው። ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቅመም ይነፈራል፣ ከደጅ ጠላ ወይም አረቄ ይኖራል። ዕጣን በተጨሰ ቁጥር የሚጮህ መሣሪያ በሁለተኛው ሳምንት ከግድግዳ ላይ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። መቀለጃ መስሎ የሚታየው ይህ ጉዳይ መሣሪያው ሕይወት ማዳን አለማዳኑን ይወስናል፤ በሌላ አገር ወጥ ቤት የተሞከረ ሴንሰርም ለዚህ መልስ ይዞ አይመጣም። ተመራማሪዎች የሚከተሉት አንዱ መፍትሔ የተለያየ ጠባይ ያላቸውን በርካታ ጥቃቅን ሴንሰሮች በአንድ ላይ ደርድሮ፣ የሁሉንም ምላሽ በኮምፒዩተር ስሌት በማነጻጸር የጋዙን ማንነት ማወቅ ነው። ስሌቱ ግን አስቀድሞ የሚያነጻጽርበትን ሽታ መማር አለበት። ቡናውንና ዕጣኑን የሚያስተምረው በዚሁ ያለ ላቦራቶሪ ነው።

ለዚህ የሚሆን እውቀት ከሥላሴ ብዙ ርቆ አይገኝም። በ1943 ዓ.ም የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መነሻ የሆነው የአራት ኪሎ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ማዕከል ሲሆን፣ ከካቴድራሉ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያስኬዳል። የግቢው የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል በኤሌክትሮኬሚካል መለኪያዎች ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይም ከስዊድኖቹ የቻልመርስና የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተባብሮ ምርምር አካሂዷል። የዚህ ምርምር ዋነኛ ዓላማ የፀሐይ ኃይል ቢሆንም፣ ፖሊመሮቹ በዓለም ዙሪያ ለጋዝ መለያነትም የሚጠኑ ቁሶች ናቸው። በ2003 ዓ.ም የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ናኖ ቴክኖሎጂን ከልሕቀት ማዕከላቱ አንዱ አድርጎ ይዟል። ዱቄቱን ማዘጋጀት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ቲን ኦክሳይድና ዚንክ ኦክሳይድ ከተሟሙ ጨዎች በመጠነኛ ሙቀት ሊሠሩ ይችላሉ። ገንዘብና ጊዜ የሚወስደው ሴንሰሩን በታወቀ የጋዝ መጠን መፈተን፣ ለዓመታት ሳይዛባ መቆየቱን ማረጋገጥና ደረጃ ማውጣት ነው።

ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ በርካታ ነባር ቤቶች ተነስተዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። የጭቃው ቤት ስንጥቅ፣ የማይገጥመው በርና የቆርቆሮው ክዳን ክፍተት ነዋሪው ሳያስበው አየር ያስገቡለት ነበር፤ ምንም እንኳ ለብርድ ሲባል ክፍተቶቹ በጨርቅና በጋዜጣ የሚደፈኑባቸው ቤቶች ጥቂት ባይሆኑም። በብሎኬት የተሠራውና መስኮቱ በመስታወት የሚገጥመው አዲሱ ቤት ለኑሮ የተሻለ ቢሆንም አየር አያሾልክም። ማንደጃው ግን ከዕቃው ጋር አብሮ ተጉዟል። በቀድሞው ቤት ራስ ምታት ብቻ ያመጣ የነበረው የከሰል መጠን በአዲሱ ክፍል ውስጥ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ቤት ለሚሠሩም ሆነ ቤት ለሚያስተላልፉ ወገኖች ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ ነው።

የናኖ ሴንሰሩ በየቤቱ እስኪደርስ ባዶ እጅ መጠበቅ አያስፈልግም። በኤሌክትሮኬሚካል ዘዴ የሚሠሩና በባትሪ ለዓመታት የሚያገለግሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሎች በዓለም ገበያ ይገኛሉ። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት የተሠራ ደወል መጠኑ ከሚሊዮን 50 ሲሆን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ 100 ሲሆን ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮህ አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ ወለል ላይ አይተኛም፤ ስለሆነም ደወሉን በመኝታ አጠገብ፣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ መስቀል ይመከራል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን ከአየር የሚከብድ ስለሆነ በጉድጓድ ግርጌ ይጠራቀማል፤ በዚያ ቦታ መለኪያው በገመድ ወርዶ ከታች ነው የሚነበበው።

ደወል የሌለው ቤተሰብ ፍሙን ከመኝታ በፊት ከቤት ማውጣት ይኖርበታል። በአመድ የተዳፈነ ፍም ጋዝ ማውጣቱን ስለማያቆም ማዳፈን ብቻውን አይበቃም። የታፈነ ሰው ሲገኝ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት አለበት፤ ለእርዳታም በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ኮሚሽኑ ነፃ የስልክ መስመር 939 ነው። በተለመደው አየር በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ተጎጂው ትንሽ ነቃ ብሏል ተብሎ ሕክምናው የማይቀረው ለዚህ ነው። በጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ደም ስለሚያነበው ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። በመሆኑም ተጎጂውን ያመጡት ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው በቤቱ ውስጥ ከሰል ሲነድ እንደነበር ለሐኪሙ መንገር ይጠበቅባቸዋል።